ጌሾን እንደ ሆፕስ መትከል፦ ከአንድ ጥያቄ የተነሣ ክርክር

ነገሩ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የተከፈተ ክር ነው፤ አንድ ጥያቄና በተራ ቁጥር የተከተሉት መልሶች ማለት ነው። የክሩን መነሻ ጥያቄ ያቀረቡት የደብረ ብርሃን ነዋሪ የሆኑ ሰው ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ዳር ጌሾ ሊተክሉ አስበው ስለ ተክሉ ሲያነቡ፣ በውጭ አገር ለራሳቸው ቢራና ጠጅ የሚጠምቁ ሰዎች ጌሾን የአፍሪካ ሆፕስ እያሉ ሲጠሩት አገኙ፤ ሆፕስ አበባው ቢራን ለማምረር የሚገባ፣ በሽቦ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ነው። ከዚያ ተነሥተውም ሦስት ነገር ጠየቁ፤ የሚጠመጠምበት ሽቦ በምን ያህል ከፍታ ይዘርጋ፣ ስንት ሴቴ ተክል ከስንት ወንዴ ጋር ይተከል፣ አበባውስ በየትኛው ወር ይለቀም። ጥያቄው በትሕትናና በቅን ልቦና የተጻፈ ነው፤ ሦስቱም ጥያቄዎች ግን የሚገቡት ለሌላ ተክል ነው። ሰውየው ያጠፉት ነገር የለም፤ ያነበቡትን ንጽጽር አምነው እስከ ጓሯቸው ድረስ መከተላቸው ብቻ ነው። መልሶቹን በቅደም ተከተል መተረኬም ለዚሁ ነው፤ እንዲህ ያለው ንጽጽር መሬት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚያመጣ በደንብ ያሳያሉና።

መልስ 1 አጭርና ጨዋ ነበር። ጌሾ ራሱን ችሎ የሚቆም ቁጥቋጦ እንደሆነ፣ ካልተገረዘ እስከ 6 ሜትር ሊያድግ እንደሚችል፣ በጓሮ ግን በየጊዜው ስለሚቆረጥ ብዙውን ጊዜ ከሰው ቁመት እምብዛም እንደማያልፍ አስረድቶ፣ ሽቦው ለምን እንዳስፈለገ በመገረም ጠይቋል። ጠያቂው ለዚህ መልስ ሳይሰጡ ሌሎች ቀደሙ።

በመልስ 2 የጻፉት እናት ጠላ ጠምቀው የሚያስተዳድሩ መሆናቸውን ከገለጹ በኋላ፣ የጌሾ አበባ ለጠላም ለጠጅም ሲለቀም አይተውም ሰምተውም እንደማያውቁ ጽፈዋል። የሚፈለገው ቅጠሉና እንጨቱ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ይወቀጥና በታጠነ ጋን ውስጥ በውሃ ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላ ቂጣውና ብቅሉ ገብተውበት ድፍድፍ ይሆናል፤ ቀጥሎ እንኩሮው ከተከተከተ የጌሾ እንጨት ጋር ይጨመርና በመጨረሻ በውሃ ይሞላል። ለጠጅ ግን በአብዛኛው የሚገባው እንጨቱ እንደሆነ፣ ብርዙ ውስጥ ሰንብቶ ምሬቱ ሲበቃ እንደሚወጣ ጨምረዋል። በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ ጠያቂውን ይበልጥ የጠቀመው ይህ መልስ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ምን እንደሚያጭድ ሳያውቅ እንዴት እንደሚተክል ሊወስን አይችልም።

ቁጥር 3 ወደ ምደባው ገባ። ጸሐፊው የዕፅዋት ሳይንስ የተማሩ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። ጌሾ በሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ እንደሚባል፣ አስተኔው፣ ማለትም የዕፅዋት ቤተሰቡ፣ ራምናሴዬ እንደሆነና ቆላ ለቆላ የምናውቀው ቁርቁራም፣ ገባ የምንለው፣ የዚሁ አስተኔ አባል እንደሆነ አስረድተዋል። ሆፕስ በአንጻሩ ሁሙለስ ሉፑለስ ነው፤ አስተኔውም ካናባሴዬ ሲሆን የካናቢስ የቅርብ ዘመድ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር አነሡ። በቀድሞው አመዳደብ የጌሾ አስተኔ ከወይን አስተኔ ጋር በአንድ ክፍለ መደብ (ብዙ አስተኔዎችን በሚይዝ ምድብ)፣ ሆፕስ ደግሞ ከሳማና ከሾላ ጋር በሌላ ክፍለ መደብ ይቀመጡ ነበር። የዘረመል ጥናት ከመጣ በኋላ የተክል ምደባ ባለሙያዎች ቡድን በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው አዲስ አመዳደብ ሁለቱም ሮዛሌስ በሚባለው ክፍለ መደብ ውስጥ ተጠቃለሉ፤ ጽጌረዳ፣ ኮሶ፣ ሾላና ሳማም እዚያው ናቸው፤ ወይን ግን ከጌሾ ተለየ። ስለዚህ ጌሾና ሆፕስ የአንድ አስተኔ ልጆች አይደሉም፣ ጨርሶ ባዕድም አይደሉም ማለት ነው።

ይህንን ያነበቡ ጥቂት ሰዎች ዝምድና አለ የሚለውን ብቻ ይዘው ሮጡ፤ ቁጥር 4ን ያስቆጣውም ይኸው ይመስላል። ጸሐፊው በቃላት አልተቆጠቡም። ጌሾ አያት ቅድመ አያቶቻችን ሲጠቀሙበት የኖሩ የኢትዮጵያ ተክል ሆኖ ሳለ ፈረንጅ ካልመደበው፣ ፈረንጅ ከሚያውቀው ተክል ጋር ካልተዛመደ በቀር ዋጋ የሌለው ይመስል በላቲን ስም መጨቃጨቅ እንደሚያሳፍር ጽፈው፣ ቁጥር 3ን ከመጽሐፍ በስተቀር ጌሾ አይተው የማያውቁ ሰው ናቸው ብለው እስከ መክሰስ ደረሱ። ክሱ ተገቢ አልነበረም፤ ቁጥር 3 አንድም ቦታ ላይ ጌሾን አላሳነሱም።

ቁጥር 5 ለሁለቱም መልስ ሰጠ፤ ረጋ ያለ ነበር ግን ስለታም። ጌሾ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ተክል አለመሆኑን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ተራሮች ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ፣ በምዕራብ በኩልም በካሜሩን እንደሚገኝ አስታወሱ። ሳይንሳዊ ስሙን በ1789 ያወጣለት ፈረንሳዊው ሌሪቲየ ስሙን የሰጠውም ከደቡብ አፍሪካ በተገኘ ተክል ላይ ተመሥርቶ እንጂ ከእኛ አገር በሄደ ናሙና አይደለም። በዚያ አገር ተክሉ በሚያብረቀርቅ ቅጠሉ ይታወቃል፤ ለአጥርና ለጓሮ ጌጥ ይተከላል፤ በባህላዊ እምነትም ቤትን ከመብረቅና ከክፉ ነገር ይጠብቃል ይባላል። ዱር በቀሉ ቁጥቋጦ የብዙ አገር ነው፤ በጓሮ አልምቶ፣ ቅጠሉን ከእንጨቱ ለይቶ፣ አድርቆ ለገበያ የማውጣቱ ልማድ ግን የእኛ ነው፤ ሊያኮራ የሚገባውም ይህ እንደሆነ ጽፈው ደመደሙ። ቁጥር 4 ለዚህ መልስ ለመስጠት ወዲያው አልተመለሱም። በመካከል አንድ ሰው ገብቶ 1789 የተባለው በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በአውሮፓውያን ብሎ ጠየቀ፤ በአውሮፓውያን እንደሆነ ተነግሮት አመስግኖ ወጣ። ይህ ቁጥር 6 ሆኖ ተመዝግቧል።

ስለ ሴቴና ወንዴ የተነሣው ጥያቄ መልስ ያገኘው በቁጥር 7 ነው፤ እኔም ደጋግሜ ያነበብሁት ይህንን ነው። ገበያ ላይ ሰፋ ያለ ቅጠል ያለውን ሴቴ፣ ጠበብ ያለውንና ደረቅ ያለውን ወንዴ የሚሉ ነጋዴዎች መኖራቸውን ጸሐፊዋ አልካዱም፤ ነገር ግን ይህ የነጋዴ መለያ እንጂ የተክሉ ጾታ አለመሆኑን አስረዱ። ከዚያም አበባውን በአጉሊ መነጽር እንዳዩት አድርገው ገለጹት። የጌሾ አበባ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ አንድ ወይም ጥቂት ሆኖ፣ በቀጭን አገዳ ተንጠልጥሎ ይወጣል። ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ስለሆነ ከቅጠሉ ጋር ተመሳስሎ ያመልጣል፤ ብዙ ሰው ጌሾ አያብብም የሚለውም ለዚህ ነው። ከውጭ የሚታየው አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ የአበባው ሽፋን ነው፤ ውስጠኞቹ የአበባ ቅጠሎች እጅግ ጥቃቅን ናቸው ወይም ጭራሽ የሉም፤ ሲኖሩም ዱቄት ተሸካሚ ክሮቹ፣ ማለትም የአበባው ወንዴ ክፍሎች፣ በመካከላቸው ሳይሆን በቀጥታ በፊት ለፊታቸው ይቆማሉ። የቀድሞ ሊቃውንት የጌሾን አስተኔ ከወይን ጋር እንዲያስቀምጡ ካደረጓቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው የክሮች አቋቋም እንደነበረ ጸሐፊዋ የቁጥር 3ን ትረካ አሟልተዋል። ዋናው ነገር ግን ወንዴውና ሴቴው ክፍል በአንዱ አበባ ውስጥ አብረው መገኘታቸው ነው። ስለዚህ አንድ የጌሾ ተክል ብቻውን ያብባል፣ ብቻውንም ፍሬ ሊይዝ ይችላል፤ ንብ ግን ብትጎበኘው ይጠቀማል። ፍሬው ከአተር እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር የተጠጋ ሐምራዊ ይሆናል፤ ወፎችም ይወዱታል።

ለንጽጽሩ የጀርመን ነዋሪ የሆኑት የቁጥር 8 ጸሐፊ መጡ። በባቫሪያ በሚገኘው በሃለርታው የሆፕስ እርሻዎች አካባቢ እንደሚኖሩ ገልጸው፣ ጠያቂው ያነበቡት ሁሉ ለሆፕስ እውነት መሆኑን አረጋገጡ። ሆፕስ በየዓመቱ ከሥሩ አዲስ ሐረግ አውጥቶ 7 ሜትር ገደማ በሚደርስ ሽቦ ላይ ይጠመጠማል፤ ክረምት ሲገባም ከመሬት በላይ ያለው ክፍሉ ይሞታል። ወንዴና ሴቴው የተለያዩ ተክሎች ስለሆኑ አራሾቹ ሴቴውን ብቻ ያሳድጋሉ፤ የሚለቅሙትም በሴቴው ላይ የሚወጣውን፣ ቢጫ ብናኝ የቋጠረ የአበባ ቆብ ነው። ጌሾ በአንጻሩ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ሁለቱን ከምሬታቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር እንደሌለ ጽፈው፣ በቢራ አገር ሆነው የእናታቸው ጠላ እንደሚናፍቃቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጣል አድርገው አለፉ።

ያቺ አንድ ዐረፍተ ነገር ክሩን ከመንገዱ አወጣችው። ከቁጥር 9 እስከ ቁጥር 13 ያሉት መልሶች ስለ ጌሾ ተክል ምንም አልጨመሩም ማለት ይቻላል። የጎጃም ጠላ ከጎንደር ይበልጣል አይበልጥም ተባለ፤ የጉራጌ ጠላ ተረሳ ተብሎ ቅሬታ ቀረበ፤ አንዲት እኅት በሠርግ ዋዜማ ስለሚደረገው የጌሾ ወቀጣ፣ ሙቀጫውን ከበው ስለሚዘፍኑት ሴቶችና አሁን ጌሾ በወፍጮ እየተፈጨ ዘፈኑ ስለ መቅረቱ ጥሩ ነገር ጻፉ፤ ቀጥሎ የመጣው ሰው ደግሞ መጠጥን ማወደስ ኃጢአት ነው ብሎ ገሠጸ። የወቀጣው ጽሑፍ ራሱን የቻለ ክር ቢከፈትለት በወደድሁ። በቁጥር 14 የመድረኩ አስተናጋጅ ገብተው ውይይቱ ወደ ተክሉ እንዲመለስ፣ የክልሎች ጠላ ውድድርም በሌላ ቦታ እንዲቀጥል አሳሰቡ።

ቁጥር 15 ምሬቱን ይዞ ተመለሰ። ሁለቱም መራራ ከሆኑ አንዱ በሌላው ቢተካ ምን ይጎዳል የሚል ጥያቄ በመሀል ተነሥቶ ስለነበር፣ ጸሐፊው የመራራነታቸው ምንጭ የተለያየ መሆኑን አብራሩ። በሆፕስ ውስጥ ያሉት አሲዶች ቢራውን የሚያመርሩት ረጅም ጊዜ ፈልተው መልካቸው ሲለወጥ ነው፤ ጌሾ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ሲጠነሰስም ምሬቱን ይለቃል፤ ይህንንም ጠላ የጠመቀ ሁሉ ያውቀዋል። የቅጠሉን መራራ ንጥረ ነገር ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው ለይተው ጌሾይዲን የሚል ስም ሰጥተውት በ1995 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል፤ ሞለኪዩሉ ስኳር የተያያዘበት ሲሆን ከሆፕስ አሲዶች ጋር በአሠራሩ አይገናኝም። ጌሾ እርሾ ነው የሚለውን የተለመደ አባባልም አርመዋል። ቅጠሉ ራሱ እርሾ አይደለም፤ ጠላውን የሚያፈሉት ረቂቅ ሕዋሳት በቅጠሉ፣ በብቅሉና በጋኑ ላይ ተሳፍረው የሚመጡ ናቸው፤ የጌሾ ድርሻ ምሬት መስጠትና የማይፈለጉ ባክቴሪያዎች እንዳይበረቱ ማገዝ ነው። በአጭሩ፣ የሆፕስ አሠራር መመሪያ ይዞ ጌሾን ለአንድ ሰዓት ያፈላ ሰው ያገኘው መጠጥ ካልጣፈጠው ጥፋቱ የጌሾው አይደለም።

በቁጥር 16 ስለ መድኃኒትነቱ ተጻፈ። ቅጠሉ ለቶንሲል፣ ፍሬው ለጭርት በባህል ሕክምና እንደሚውል ጸሐፊው ዘርዝረው፣ ፍሬው ቢበላ ሆድ ያጸዳል ወደሚል ምክር ገቡ። ቁጥር 17 ወዲያው አስቆማቸው፤ አነጋገሩም ጠንከር ያለ ነበር። አንዳንድ የዚህ አስተኔ ተክሎች ሆድን በኃይል የሚያስቀምጡ አንትራኪኖን የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳሏቸው፣ ከመካከላቸው ካስካራ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ለዘመናት ለሆድ ድርቀት ሲሸጥ እንደኖረ፣ በጌሾም ፍሬ ውስጥ የዚሁ ወገን ንጥረ ነገሮች መገኘታቸውን ገልጸው፣ መጠኑ ሳይታወቅ በተለይ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር መስጠት አደገኛ እንደሆነ አስጠንቅቀዋል። በዚያው መልስ፣ ካስካራ ዛሬ በአስተኔው ውስጥ ፍራንጉላ ወደሚባል የተለየ የተክል ምድብ መዛወሩን፣ ጌሾ ግን በራምነስ ውስጥ መቅረቱን ጠቅሰዋል። ቁጥር 16 ቅር ተሰኝተው ምክራቸውን አላነሡም፤ እኔ ግን ከቁጥር 17 ጋር ነኝ።

ስለ አተካከሉ የተሟላውን የጻፉት፣ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ፣ ያ ቁጡ የቁጥር 4 ጸሐፊ ነበሩ። በቁጥር 18 ተመልሰው ክርክሩን ሳያነሡ በቀጥታ ወደ ሥራው ገቡ። አብዛኛው አልሚ ጌሾን የሚያራባው ከዘር ነው። ፍሬው ከቀይ ወደ ጥቁር ሲለወጥ ይለቀማል፤ ሥጋው በውሃ ውስጥ በእጅ ታሽቶ ይወገድና ዘሩ ታጥቦ ጥላ ላይ ይንጠፈጠፋል፤ ሳይቆይ ቢዘራ ይመረጣል። መደቡ ከላይ የሣር ዳስ ሊኖረው ይገባል፤ ችግኙ በዳሱ ሥር ይጠነክርና የክረምቱ ዝናብ ሲይዝ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል። ችግኙ ሥር እንደያዘ የዋናው ግንድ ጫፍ ቢቀነጠብ ወደ ጎን ቅርንጫፍ ያበዛል፤ ቅጠል ለሚፈልግ ሰው ትርፉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጌሾ እርጥበት ይወዳል፣ የተኛ ውሃ ግን አይወድም፤ የደብረ ብርሃን አካባቢ መረሬ አፈር በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ስለሚያቁር፣ ቦይ ሳይቀደድ ወይም መደብ ከፍ ሳይደረግ መትከል ችግኝን መቅበር እንደሆነ አስጠነቀቁ። ሲደርስ ቅርንጫፉ ከነቅጠሉ ተቆርጦ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ቅጠሉ ተራግፎ ለብቻው፣ እንጨቱም ለብቻው ይቀመጣል።

ቁጥር 19 በዚህ ላይ የውርጭን ነገር ጨመረ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ለጌሾ ከወሰን አይወጣም፤ ያደገ ቁጥቋጦም መጠነኛ ውርጭ ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ለጋው ጫፍ ሊቃጠል ስለሚችል ችግኙን ማታ ማታ በሣር ወይም በማዳበሪያ ከረጢት መሸፈን እንደሚበጅ፣ ቦታ ሲመረጥም ቀዝቃዛ አየር የሚጠራቀምበትን ዝቅተኛ ጥግ መሸሽ እንደሚገባ መክረዋል። የቁጥር 4ን፣ አሁን የቁጥር 18ን፣ ምክር አመስግነዋል፤ እሳቸውም ምስጋናውን ተቀበሉ፤ መድረኩ ላይ የነበረው ንፋስም የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠያቂው በቁጥር 20 ብቅ ብለው ሽቦውን እንደተዉት፣ አበባውንም ለንብ እንደሚተዉት ጽፈው፣ ገበያ ላይ ከሚሸጠው ችግኝ መካከል ጸዶ የተባለ እንደቀረበላቸው፣ እሱም ጌሾ ይሁን አይሁን ጠየቁ። ቁጥር 21 ጸዶ የጌሾ ወንድም እንጂ ጌሾ አለመሆኑን አስረዱ፤ ራምነስ ስታዶ ይባላል፣ ቅጠሉ አነስ ያለና በአጫጭር ቅርንጫፎች ላይ ተሰብስቦ የሚወጣ ነው፣ አንዳንዴም የቅርንጫፉ ጫፍ ወደ እሾህ ይለወጣል። በአንዳንድ አካባቢዎች እሱም ለጠጅ ስለሚገባ ነጋዴው አላታለለም፤ ለጠላ የሚሆን ሰፊ ቅጠል የሚፈልግ ሰው ግን የሚያብረቀርቀውን፣ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥቃቅን ጥርስ ያለውን የጌሾ ቅጠል ለይቶ ይግዛ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት መልሶች በአንድ ነገር ላይ አልተስማሙም። ቁጥር 22 ችግኞቹ ተቀራርበው ይተከሉ፣ ቶሎ ቶሎም ይቆረጡ ብለዋል፤ ቁጥር 23 ደግሞ ቁጥቋጦው ወፍራም እንጨት እንዲያወጣ ሰፋ ያለ ቦታ ተሰጥቶት ሳይቆረጥ እንዲቆይ ይመክራሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የመጀመሪያው ለቅጠል፣ ሁለተኛው ለእንጨት የሚያለማ ሰው አተካከል ነው። ጠያቂው ጌሾውን ለጠላ ይሁን ለጠጅ እንደሚፈልጉት ገና አልጻፉም።